የ14 ዓመት ልጅ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ፍርድ ቤቱ ምን መዝኖ ነው ቤቱ ሆኖ በክትትል እንዲታረም የሚወስነው?

ሰላም_የሕግ_ድጋፍ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወጣት ጥፋተኞች በተነሳ ቁጥር አንዱ «አመክሮ ይሰጠዋል» ይላል፣ ሌላው «ገደብ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «ለእናቱ ተሰጥቶ ያልቃል» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱ አንድ ነገር ናቸው ወይስ የተለያዩ?

እንዳንሳከር አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። የማንም መዝገብ አይደለም፣ ለውይይት የተሠራ ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ይማራል፣ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም። ማታ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሱቅ ቁልፍ ሰብረው ሦስት ስልክና ጥቂት ብር ወስደዋል። ከሦስቱ አንዱ 16 ዓመቱ ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ አባት የለውም፤ እናቱ አዲስ አበባ ጉልት ትቸረችራለች፤ ደብረ ብርሃን አጎት አለው። ልጁ ድርጊቱን አምኗል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዳኛው ልጁ ቤቱ ሆኖ በክትትል እንዲታረም ወይም ወደ ማረሚያ ተቋም እንዲገባ ሲወስን በትክክል የሚያየው ምንድን ነው? ቤተሰብና ደጋፊ ከችሎቱ በፊት ምን ይዞ መቅረብ አለበት? የ16 ዓመቱስ ዕጣ ከዚህ ይለያል?

ጠቅል_መዝገብ

መጀመሪያ ስሞቹን እንለያቸው፤ ግማሹ ችግር እዚያ ነው።

አመክሮ በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ከአንቀጽ 201 ጀምሮ ያለው ነው። ተፈርዶበት ታስሮ፣ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ፣ ጠባዩ ታይቶ ቀሪውን ውጪ እንዲያሳልፍ የሚለቀቅ ሰው ነው አመክሮ የሚያገኘው። ያልታሰረ ሰው አመክሮ የለውም።

ገደብ ከአንቀጽ 190 እስከ 200 ነው። እዚህ ቅጣት አለ፤ ወይ ሳይነገር ይቆያል፣ ወይ ተነግሮ አፈጻጸሙ ይቆማል።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ግን ከሁለቱም ውጪ ነው። አንቀጽ 53 ለአዋቂ የተደነገገ መደበኛ ቅጣት እንዳይፈጸምበት፣ ከአዋቂ ጋርም እንዳይታሰር ይከለክላል። የሚወሰንበት «እርምጃ» ነው፤ ዝርዝሩ ከ158 እስከ 162 ይገኛል። ሕክምና የሚያስፈልገውን ወደ ሕክምና ተቋም ማስገባት (158)፣ በጥበቃ ሥር ሆኖ እንዲማር ማድረግ (159)፣ ተግሣጽና ወቀሳ (160)፣ በትርፍ ሰዓቱና በዕረፍት ቀኑ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ ማድረግ (161)፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ (162)። ሰው በአፉ «አመክሮ» የሚለው በአብዛኛው 159ን ነው። ቅጣት ስላልሆነ የሚገደብም ሆነ የሚታመከርበት ነገር የለም። አንቀጽ 165 እንደሚለውም ይህ እርምጃ የተወሰነበት ልጅ በወንጀል እንደተቀጣ አይቆጠርም። ለሥራና ለትምህርት ትልቅ ልዩነት ነው።

አሁን ከሁሉ በፊት የሚመጣው ዕድሜ ነው። የሚታየው ችሎት የቀረበበት ቀን አይደለም፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው። 15ን ካለፈ ይህ ሁሉ በር ይዘጋል። ስለዚህ በምሳሌሽ ላይ «14 ዓመቱ ነው» የሚለው ማስረጃ ይፈልጋል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ዛሬ በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች በተወለዱበት ጊዜ የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። የሚያገለግሉት የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ናቸው። እንደ እኔ የክትባት ካርድ ይቀድማል፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ፣ ክስ በማንም ሐሳብ ሳይኖር የተጻፈ ነው። በኋላ የወጣ የልደት ካርድን ዐቃቤ ሕግ «ለክሱ ተብሎ የተዘጋጀ» ሊለው ይችላል። የትምህርት ቤት መዝገብ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ልጅን ቶሎ ለማስገባት ዕድሜ ይጨመራል።

የዘመን አቆጣጠር ስሕተትም ልጅ ያሳስራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ስናመጣ የሚቀነሰው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። በኅዳር 2011 የፈረንጅ ዘመን የተወለደ ልጅ ኅዳር 2004 ዓ.ም. ነው የተወለደው። ጸሐፊው በልማድ 8 ቀንሶ 2003 ካለው ልጁ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት አረጀ፤ 14 የነበረው 15 አለፈው። ጣቢያ ላይ «ስንት ዓመትህ ነው?» ተብሎ በአፉ የተናገረው ቁጥርም ወደ ክሱ እንዳለ ይገለበጣል።

ማስረጃ ፈጽሞ ከጠፋ ፍርድ ቤት በሐኪም ያስመረምራል፤ የእጅ አንጓ አጥንት ራጅ ይነሳል። ውጤቱ ግን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ግምት ነው እንጂ የልደት ቀን አይደለም። ግምቱ 15ን የሚያቋርጥ ከሆነ ለልጁ በሚጠቅመው በኩል እንዲወሰድ በግልጽ መጠየቅ አለበት፤ ዝም ከተባለ የላይኛው ቁጥር ይጻፋል።

የጓዳ_ችሎት

ጠቅል ስሞቹን በደንብ ለይቶታል፣ እኔ ወደ ሂደቱ ልግባ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ171 እስከ 180 የወጣቶችን ችሎት ለብቻ ያስቀምጠዋል።

ልጁ ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት (172)። ፖሊስ ምርመራውን እንዴት እንደሚያካሂድ መመሪያ የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ነው። ነገሩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳሪ ወይም ለዘመድ፣ እነዚህ ከሌሉ ለታመነ ሰው ይሰጣል፤ ተረካቢው በቀጠሮ ቀን የማቅረብ ኃላፊነት አለበት። ልብ በሉ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግማሹ እዚህ ይሠራል። በዚያ ቀን የመጣ ዘመድ ከሌለ ልጁ በማቆያ ይቆያል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዳኛው ፊት ሲቀርብ «ቤተሰቡ የማይፈልገው» መስሎ ይታያል። በቀጠሮው ጊዜ ቤቱ ሆኖ ትምህርቱን ሳያቋርጥ የመጣ ልጅ ግን የክትትሉን ናሙና ይዞ ነው የሚቀርበው።

በምሳሌው ላይ አንድ ነገር እንዳያመልጥ። ማታ፣ በቡድን፣ ቁልፍ ሰብሮ መስረቅ ከባድ ስርቆት (የወንጀል ሕጉ 669) ሊባል ይችላል፤ የዚያ ጣሪያ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ሁለት ነገር ይከተላል። ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ መደበኛ ክስ እንዲያዘጋጅ ያዛል፣ ለልጁም ጠበቃ ይመድባል (174)። ጠበቃ የሚመደበው ወላጅም አሳዳሪም ባልቀረበ ጊዜ ጭምር ነው። እናትየዋ ቀርባለችና ጠበቃ አያስፈልግም ከተባለ የአንቀጹን ሌላ ምክንያት፣ የወንጀሉን ክብደት፣ አስታውሱ።

ጉዳዩ የሚታየው በዳኛው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ ምስክር፣ ባለሙያ፣ ወላጅ ወይም አሳዳሪ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካይ ካልሆነ ማንም አይገባም (176)። አካሄዱ ሥርዓት የበዛበት እንዳይሆን ሕጉ ራሱ ያዛል። ልጁ ሊሰማው የማይገባ ነገር የሚነገር ከሆነ ይወጣል (175)። ለምሳሌ ስለ እናቱ ጤና ወይም ስለ አባቱ ማንነት። የ16 ዓመቱ መዝገብ ግን በመደበኛ ችሎት ስለሚታይ ሁለቱ እንዲነጠሉ ማመልከት ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ ይህ ሁሉ ጥበቃ ወረቀት ላይ ይቀራል።

«አምኗል» ማለት ደግሞ ብቻውን አይበቃም። የተባለውን ሙሉ በሙሉ ተረድቶ ያመነ እንደሆነ ነው ወዲያው ጥፋተኛ የሚባለው። «አዎ፣ ነበርኩ» ያለ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ ነበር ወይስ ቁልፉን ሰበረ? ይህ ካልተጠየቀ በኋላ የሚመዘነው ነገር ሁሉ ይዛባል።

ከጥፋተኝነት በኋላ ነው የአንቺ ጥያቄ የሚመጣው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ አስተዳደግ፣ ትምህርትና ኑሮ መረጃ እንዲጠይቅ፣ ወላጆችንና የትምህርት ቤት ተወካዮችን እንዲመረምር፣ የሕክምናና የማኅበራዊ ኑሮ ሪፖርት እንዲያስቀርብ ሥልጣን ይሰጣል። አንቀጽ 55 ደግሞ መለኪያውን ያስቀምጣል፦ ዕድሜ፣ ጠባይ፣ የአእምሮና የሥነ ምግባር ዕድገት፣ የእርምጃው አስተማሪነት። የወንጀሉ ክብደት ከዝርዝሩ አናት ላይ እንደሌለ አስተውሉ። ክብደቱ ስሙ ተጠርቶ የሚገባው 162 ላይ ነው፣ ያውም ከልጁ መጥፎ ጠባይና ካለፈ ታሪኩ ጋር ተደምሮ። ከዚህ በፊት ተከሶ የማያውቅ ልጅ በአንድ ስርቆት ወደ ተቋም የሚላክ ከሆነ «መጥፎ ጠባይ» የተባለው በምን እንደተረጋገጠ መጠየቅ ይገባል። ተቋም ከገባ ትንሹ 1 ዓመት፣ ትልቁ 5 ዓመት ነው፤ 18 ሲሞላው ግን ያበቃል። ለ14 ዓመት ልጅ ጣሪያው በተግባር 4 ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው።

ሌላው የማይነገረው፣ ለረጅም ጊዜ ለዚህ ተብሎ የተቋቋመው ተቋም አዲስ አበባ ልደታ አካባቢ ያለው ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ርቆ ያለ ዳኛ «162» ብሎ ከመጻፉ በፊት ልጁን የት እንደሚልከው ማሰብ አለበት፤ ካልሆነ ልጁ እዚያው ወህኒ ቤት «ለብቻው ክፍል» ተብሎ ይቀመጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከአዋቂ ተለይተው እንዲያዙ ያዘዘውን ይህ ዓይነት ግድግዳ አያሟላውም።

ማኅበራዊ_ዘገባ

የጓዳ_ችሎት ስለ አንቀጽ 54 ሪፖርት አንስቷል፤ እኔ በዚያ ላይ ብቻ ልጻፍ። ከልምድ ውጪ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሕግ የሚወስን ይመስላል፤ ዳኛው እጅ ላይ ያለው ግን ያ ወረቀት ነው።

ደካማ ሪፖርት ይህን ይመስላል፦ «ልጁ ታዛዥ ነው፣ ቤተሰቡ ድሃ ነው፣ በጓደኛ ግፊት ነው፣ በተግሣጽ ቢለቀቅ።» ዳኛው ከዚህ አንዲት የሚጠቀምባት ቃል አያገኝም። ድህነት ደግሞ በዚህ ዓይነት ሲጻፍ ልጁን ይጎዳዋል፤ «እናቲቱ ልትቆጣጠረው አትችልም» ተብሎ ይነበባል።

ጥሩ ሪፖርት ሰዓት ይቆጥራል። ስርቆቱ የተፈጸመው ማታ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ልጁን ማን ያየዋል የሚለው ነው። እናት ጉልት ዘግታ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው? ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሆነ በዚያ ክፍተት ማን አለ? ታላቅ እህት፣ ጎረቤት፣ የሰፈር ሽማግሌ? ያ ሰው ስሙ ተጽፎ፣ ተጠይቆ፣ እሺ ብሎ መሆን አለበት። ቀጥሎ ትምህርት፦ በሴሚስተሩ ስንት ቀን ቀረ፣ መቅረት የጀመረው መቼ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር መዋል ከጀመረበት ጋር ይገጥማል? ከዚያ ጤና፤ የመስማት ወይም የማየት ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ ማስቲሽ መሳብ። ማስቲሹ ካለ 159 ብቻውን አይበቃም፤ ሕክምናው አብሮ ካልታቀደ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። በመጨረሻም በድርጊቱ ውስጥ የልጁ ድርሻ፦ ዕቅዱ የማን ነበር፣ ስልኮቹን ማን ሸጠ፣ ገንዘቡ ምን ሆነ? የገንዘቡ መንገድ ብዙ ይናገራል፤ ለቤት በርበሬ የገዛ ልጅና ለቁማር ያዋለ ልጅ አንድ ዓይነት ክትትል አይበጃቸውም።

አንቀጽ 159 ልጁን በመጀመሪያ ለዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ወይም ካልበቃ ለታመነ ሰው ወይም ለድርጅት ይሰጣል። ተረካቢው በፍርድ ቤት ፊት በጽሑፍ ግዴታ ይገባል፤ የልጁን ጠባይ በራሱ ኃላፊነት ሊጠብቅ። ፍርድ ቤቱ ከዚህ ጋር ትምህርት ቤት እንዲከታተል ወይም ሙያ እንዲማር ሊያዝ ይችላል።

አሁን እናት ወይስ አጎት? ብዙ ሰው ወዲያው «ደብረ ብርሃን ይሂድ፣ ከጓደኞቹ ይራቅ» ይላል። እኔ አልቸኩልም። መራቁ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሦስት ነገር ይፈርሳል፦ ትምህርቱ በሴሚስተር መሃል ይቋረጣል፣ ክትትሉ አዲስ አበባ ካለው ማኅበራዊ ሠራተኛ እጅ ይወጣል፣ አጎትየው ደግሞ ልጁን ለእንጀራው ሲል ወደ ሥራ ያሰማራዋል። አጎት ከተመረጠ የደብረ ብርሃኑ ትምህርት ቤት እንደሚቀበለው የሚገልጽ ደብዳቤ ቀድሞ ይምጣ፣ የሚከታተለው የዚያ ወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በትእዛዙ ላይ በስሙ ይጠቀስ። እናት ከተመረጠች የምሽቱ ክፍተት ይሞላ። ሁለቱም ካልተሟላ ዳኛው 162ን ቢያስብ አልፈርድበትም።

የሚሠራ ትእዛዝ የሚቆጠር ነገር ያዝዛል። «መልካም ጠባይ ይኑረው» የሚለው አይለካም። ከዚህ ይልቅ «ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ቤት ይግባ፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩ በየሳምንቱ ዓርብ የፈረመበት የመገኘት ወረቀት ይያዝ፣ በየ15 ቀኑ ማኅበራዊ ሠራተኛውን ያግኝ፣ ከሁለቱ ልጆች ጋር አይዋል» ቢባል መጠበቁም መፍረሱም ይታወቃል። ከአራት ካለፈ ግን ይበዛል። ለ14 ዓመት ልጅ ዘጠኝ ግዴታ ከተጻፈለት በአንዱ መሳቱ አይቀርም፣ ከዚያ የመጀመሪያው ሪፖርት «ትእዛዝ ጥሷል» ብሎ ይጀምራል።

ብርሃኔ_ዘ_ሜክሲኮ

ካሳውን ረሳችሁት። ባለሱቁ «ስልኬን መልሱልኝ» ይላል፣ ዳኛውም ይህን መስማቱ አይቀርም። ካሳ ተከፍሎ ከሆነ እኮ ጉዳዩ በዕርቅ ይዘጋል፤ ለምን ይህ ሁሉ ክትትል?

የጓዳ_ችሎት

@ብርሃኔ አይዘጋም፤ ስርቆት ባለቤቱ ስለታረቀ ብቻ የሚወድቅ ክስ አይደለም። ሌላም አለ። ተከሳሹ ወጣት ከሆነ የተጎዳው ሰው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ መዝገብ ጋር አጣምሮ ማቅረብ አይችልም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 155 ይከለክለዋል። በፍትሐ ብሔር ለብቻው ነው የሚከሰው። እዚያ ወላጅ ላይ ሊዞር ስለሚችል (የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2124) ቤተሰብ ቀድሞ ቢስማማ ይመረጣል።

ዕርቁ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ስልኮቹ መመለሳቸውን፣ ቁልፉ መጠገኑን፣ ልጁ ራሱ ሄዶ ይቅርታ መጠየቁን የሚገልጽ፣ ባለሱቁ የፈረመበት ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ሲገባ አንቀጽ 55 «ጠባይ» ያለውን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል። ከተቻለ ገንዘቡን እናት ብድር ገብታ ከምትከፍለው ልጁ በቅዳሜ ሥራ በትንሽ በትንሹ ቢመልሰው እመርጣለሁ። አንቀጽ 161 ለዕድሜው የሚመጥን የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ ማዘዝን ስለሚፈቅድ ከዚያ ጋር ማያያዝ ይቻላል።

ሰላም_የሕግ_ድጋፍ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጁ ክትትሉን ቢያፈርስ ምን ይሆናል፣ በቀጥታ ይታሰራል? የ16 ዓመቱንስ ማንም አልነካውም።

ጠቅል_መዝገብ

በቀጥታ አይታሰርም፣ ምክንያቱም የሚጠብቀው የተንጠለጠለ እስራት የለም። ከገደብ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው። ፍርድ ቤቱ እንደገና ቁጭ ብሎ እርምጃውን ይለውጣል (የወንጀል ሕጉ 164፣ የሥነ ሥርዓቱ 180)። ለውጡ በፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነት፣ በልጁ፣ በሕጋዊ ወኪሉ፣ በተረካቢው ወይም በተቋሙ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ከበደም ወደ ቀለለም ይሄዳል። ብዙ ሰው ወደ ቀለለ መሄዱን አያውቅም። ተቋም የገባ ልጅ ተረካቢ ዘመድ ከተገኘለት እዚያው መዝገብ ላይ ማመልከት ይቻላል።

ቅጣት ወደሚባለው የሚሻገረው (166) እርምጃዎች ተሞክረው ካልሠሩ ነው። እስራት (168) ደግሞ ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ከሚያስከትሉት ሲሆን ነው፤ ከ1 እስከ 10 ዓመት። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ወንጀሉ «ከባድ» ስርቆት ወይም ተራ ስርቆት (665) መባሉ ለሚወሰነው እርምጃ ያኔ ግድ ባይሰጥም፣ ክትትሉ በፈረሰ ቀን ዋጋ ያስከፍላል። «አምኗል፣ ምን ያከራክራል» ብላችሁ የአንቀጹን ምርጫ እንዳታልፉት።

ሌላ ወጥመድ አለ። በአንቀጽ 163 የ159 ክትትል የሚቆየው አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ነው፤ 18 ዓመት እስኪሞላው ሊዘልቅ ይችላል። ማብቂያ ቀን ያልተጻፈበት ትእዛዝ ለ14 ዓመት ልጅ አራት ዓመት ሊሆን ነው። ትእዛዙ ሲሰጥ «ከ6 ወር በኋላ ሪፖርት ታይቶ ይወሰን» የሚል ቀጠሮ እንዲጻፍ ጠይቁ። ያለ ቀጠሮ መዝገቡ ይዘጋል፣ ክትትሉም ይረሳል፣ ከዓመት በኋላ ልጁ በሌላ ነገር ሲያዝ «ክትትል ላይ እያለ» ይባላል፤ ማንም ሳይከታተለው።

የ16 ዓመቱ፦ በአንቀጽ 56 በመደበኛው ሕግ ይከሰሳል። ዋስትናው፣ ግልጽ ችሎቱ፣ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ስሌት ሁሉም ይመለከተዋል። ዕድሜው፣ ልምድ ማጣቱና የመታረም ተስፋው ታይቶ ቅጣቱ በ179 መሠረት ሊቀል ይችላል፤ ሞት ፈጽሞ አይፈረድበትም (117)። ለእሱ ነው እንግዲህ ገደብ የሚባለው። ገደብ ሁለት መልክ አለው። በ191 ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ ቅጣቱን ሳይናገር ያቆየዋል፤ ልጁ ጊዜውን በሰላም ከጨረሰ ጥፋተኝነቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ወንጀሉ መቀጮ፣ የግዴታ ሥራ ወይም ከ3 ዓመት ያልበለጠ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። 669 ዝቅተኛው 1 ዓመት፣ ከፍተኛው 15 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሆነ አይገባም። የሚቀረው 192 ነው፤ ቅጣቱ ይነገራል፣ አፈጻጸሙ ይቆማል፣ ጥፋተኝነቱ ግን መዝገብ ላይ ይኖራል። የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው (196)። እዚህ ላይ ግን ሲፈርስ እስራቱ ተጽፎ ይጠብቃል።

ይኸው ነው እንግዲህ፤ አንድ ማታ፣ አንድ ሱቅ፣ በሁለት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ሁለት የማይገናኙ ሕጎች። የአፍሪካም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ስምምነት ከ18 በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ስለሚለው፣ ለ16 ዓመቱ ስትከራከሩ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃኑን ጥቅም ማንሳት ከንቱ አይደለም። ዝግ ችሎት መጠየቅም ይቻላል።

ከአሌክሳንድሪያ

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ላላችሁ ወላጆች አጭር ነገር፣ ጥያቄው እዚህም በየጊዜው ስለሚመጣ። እዚህ ቃሉ በቀጥታ «ፕሮቤሽን» ነው፤ የሚታየውም በወጣቶችና ቤተሰብ ግንኙነት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ልጁ መጀመሪያ የሚያገኘው ዳኛውን ሳይሆን የኢንቴክ ኦፊሰሩን፣ ማለትም አቤቱታውን መጀመሪያ ተቀብሎ የሚያጣራውን ሠራተኛ፣ ነው። ቀላልና የመጀመሪያ ጥፋት ከሆነ ክስ ሳይከፈት በዳይቨርሽን (ከፍርድ ቤት ውጪ በሚደረግ ስምምነት) ሊያልቅ ይችላል። ወደ ፍርድ ቤት ከሄደ በመጀመሪያ ድርጊቱን ፈጽሟል ወይ የሚለው ይወሰናል፣ ዲስፖዚሽን የሚባለው፣ ምን ይደረግበት የሚለው ውሳኔ፣ ለብቻው ይመጣል። በሁለቱ መካከል የፕሮቤሽን መሥሪያ ቤቱ የልጁን ማኅበራዊ ታሪክ ያዘጋጃል፤ «ያሲ» የሚባል የአደጋ መመዘኛ መጠይቅም ይሞላል። ማኅበራዊ_ዘገባ ስለ ምሽት ሰዓት የጻፈችው እዚህም ያው ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ወላጆች ቤት ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት መጠየቃቸው አይቀርም።

ሁለት ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። አንዱ፣ ወላጅ በአገሩ ልማድ «ጥፋትህን ተናገርና ይቅርታ ጠይቅ» ብሎ ልጁን ፖሊስ ፊት ማናገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 የፈረንጅ ዘመን ከሰጠው የጎልት ውሳኔ ጀምሮ ልጁ ጠበቃ የማግኘትና ዝም የማለት መብት አለው፤ ይቅርታው ጠበቃ ከተገኘ በኋላ ይደርሳል። ሌላው ልጁን ለወላጁ አስተርጓሚ ማድረግ ነው። የፕሮቤሽን ደንብ በልጁ አፍ ተተርጉሞ የሰማ ወላጅ ምን እንደፈረመ አያውቅም፤ ፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ።

ይግባኝ በ10 ቀን ውስጥ ነው፣ ጉዳዩም ከፍ ባለው በሰርኪት ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይታያል። ዜግነት ላላገኙ ደግሞ፦ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ በ2000 የፈረንጅ ዘመን በሰጠው የዴቪሰን ውሳኔ መሠረት በወጣቶች ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ለኢሚግሬሽን «ጥፋተኝነት» አይባልም። ይህ ግን ጉዳዩ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ከተዛወረ አይሠራም፣ አደንዛዥ ዕፅ መሸጥ ካለበትም አያድንም፤ ለዚያ ጥርጣሬው ብቻ ሊበቃ ይችላል። የኢሚግሬሽን ቅጹ ላይ ታስረህ ታውቃለህ ወይ ሲባል «አላውቅም» ብሎ መሙላት ደግሞ ከጥፋቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ሰላም_የሕግ_ድጋፍ (ጠያቂ)

የመጨረሻ። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ግልባጩን ለማን ለማን እንስጥ? ትምህርት ቤቱም የመገኘት ወረቀት የሚፈርም ስለሆነ ይሰጠው?

ማኅበራዊ_ዘገባ

ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለተረካቢው ይሰጥ። ወረዳው የተቀበለበትን ማኅተምና ቀን የያዘ ቅጂ ወደ መዝገቡ ይመለስ፤ አብዛኛው ክትትል የሚሞተው ትእዛዙ መዝገብ ቤት ቀርቶ ወረዳው ሳያየው ነው። ለተረካቢዋ ደግሞ ከመፈረሟ በፊት አንድ በአንድ ይነበብላት፣ «እሺ» ማለቷ ብቻ አይበቃም፤ መልሳ ትናገረው።

ለትምህርት ቤቱ ትእዛዙን አትስጡ። ጉዳዩ በዝግ የታየው ስሙ እንዳይወጣ ነው፤ ወረቀቱ መምህራን ማረፊያ ደረሰ ማለት ሰፈር ደረሰ ማለት ነው። ለርዕሰ መምህሩ «የተማሪው መገኘት በየሳምንቱ ይገለጽልን» የሚል፣ ምክንያት ያልተጻፈበት የወረዳው ደብዳቤ ይበቃል።

የጓዳ_ችሎት

እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፦ ግልባጩ ላይ አንቀጹ «159» መሆኑን አይታችሁ ተቀበሉ። በቸኮለ ጽሕፈት «በገደብ ተለቅቋል» ተብሎ የተተየበ ካለ እዚያው እንዲታረም አመልክቱ፣ ዓመት ካለፈው በኋላ የጻፈውን ሰው ማግኘት ይከብዳል።